«ኦልሬዲ» ስንል ምን እያልን ነው?

ሁለት ሰዎች ቀና ብለው አንድ የግድግዳ ሰዓት ያያሉ። ሰዓቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልክ 10 ይላል። አንዱ «ኢትስ ኦልሬዲ ቴን» ይላል። ሌላው «ኢትስ ኦንሊ ቴን» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ልዩነቱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ጊዜው እንዲህ የገፋ አልመሰለውም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህም በላይ የሄደ መስሎት ነበርና አሁን ተረጋጋ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚችው «ኦልሬዲ» ስለምትባል ቃል ነው። የሰዋስው መጻሕፍት ከጊዜ ተውሳከ ግሶች ተርታ ያስቀምጧታል። ምደባው ልክ ነው። ነገር ግን «መቼ መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ኦልሬዲ» ብሎ የሚመልስላችሁ ሰው አታገኙም። «ትናንት» ይላችኋል፣ ወይም «ቅድም»። «ኦልሬዲ» ለ«መቼ» መልስ የላትም። ሥራዋ ሌላ ነው። አንድ ነገር ይሆናል ብለን ከጠበቅንበት ጊዜ ቀድሞ መሆኑን ትነግረናለች። የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

አብዛኞቻችን ቃሉን የተማርነው «ከዚህ በፊት» ተብሎ ነው። ይህ ትርጉም አንዳንድ ቦታ ይሠራል። ብዙ ቦታ ግን ያሳስታል። ምክንያቱም እንግሊዝኛ ለ«ከዚህ በፊት» ሌላ ቃል አለው፤ «ቢፎር»። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። ጓደኛችሁ አንድ ፊልም እንይ አላችሁ እንበል። «አይቭ ሲን ኢት ቢፎር» ብትሉ ፊልሙን እንደምታውቁት ነገራችሁት፤ አብራችሁት ደግማችሁ ልታዩም ትችላላችሁ። «አይቭ ኦልሬዲ ሲን ኢት» ብትሉ ግን ጓደኛችሁ ሌላ ፊልም መፈለግ ይጀምራል። «እሱ ነገር አልቋል፣ ሌላ እንምረጥ» ብላችሁታልና። ያን ግን በቃል አላላችሁም። አንዲቷ ቃል ተሸክማላችሁ ሄደች።

አማርኛችን ይህን በምን ይናገራል? ብዙ ጊዜ በ«እኮ»። «አይቼዋለሁ» እና «አይቼዋለሁ እኮ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሰሚውን ግምት ያርማል። «አላየሁትም ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል» ይለዋል። «በልቻለሁ እኮ»፣ «ከፍያለሁ እኮ»፣ «ነግሬሻለሁ እኮ» ስንል እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ኦልሬዲ» የሚልበት ቦታ ላይ ቆመናል። መዝገበ ቃላት ግን «ኦልሬዲ» ሥር «እኮ»ን አይጽፍላችሁም። «እኮ» የጊዜ ቃል አይደለማ! ሆኖም ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው።

በጥያቄ ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ ትይዛለች። እንግሊዝኛ «ጨረስክ ወይ?» ለማለት ሁለት መንገድ አለው። «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ ዬት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አያውቅም፤ ማወቅ ይፈልጋል። ምናልባትም ትንሽ ቸኩሏል። «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ ኦልሬዲ?» ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረስህን አይቷል፤ ተገርሟል። የዚህ ጥያቄ አማርኛ «እንዴ! ጨረስክ?» ነው። አንዳንድ ጊዜም «ከምኔው ጨረስክ?» እንላለን። «ከምኔው» በጣም ቆንጆ ቃል ናት። ፍጥነቱን፣ መገረሙን፣ ያልተጠበቀ መሆኑን በአንድ ላይ ትናገራለች። ተርጓሚዎች «ኦልሬዲ»ን በጥያቄ ውስጥ ሲያገኙ ከ«አስቀድሞ» በፊት «ከምኔው» ትዝ ቢላቸው ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ስለ «ገና» ሳላወራ ማለፍ አልችልም። «ገና» የ«ኦልሬዲ» ተቃራኒ ናት ይባላል። «ጨረስክ?» ሲሉን «ገና ነኝ» እንላለን፤ ይህ የእንግሊዝኛው «ኖት ዬት» ነው። «ገና ልጅ ነው» ስንል ደግሞ «ስቲል» ሆነች። «ገና ይመጣል» ስንል የወደፊቱን ጠቆመች። «ገና አሁን ገባሁ» ስንል «ጀስት ናው» ሆነች። «ገና አስር ሰዓት ነው» ስንል ያቺ መግቢያችን ላይ ያየናት «ኦንሊ» ሆና መጣች። አንድ ቃል፣ አምስት ሥራ።

ከሁሉ የሚገርመው ስድስተኛው ነው። «ገና ካሁኑ ደከመህ?» ስንል ምን እያልን ነው? እንግሊዝኛው «አር ዩ ታየርድ ኦልሬዲ?» ነው። ተቃራኒዋ የተባለችው ቃል እሷን ራሷን ተክታ ቆመች! «ገና በጠዋቱ ተጣሉ» ስንልም እንደዚያው። ይህ እንዴት ይሆናል? እኔ እንደሚገባኝ «ገና» የጊዜውን መጀመሪያ ትይዛለች። «ብዙ ጊዜ አልሄደም» ትላለች። ከእሷ ቀጥሎ ያልሆነ ነገር ከመጣ «አልደረሰም» የሚል ትርጉም ይሰጣል። የሆነ ነገር ከመጣ ደግሞ «በዚህ አጭር ጊዜ? ቶሎ ሆነ!» የሚል ስሜት ይወጣል። ጠቅላላ ሚስጥሩ ጊዜው ማጠሩ ላይ ነው። ስለዚህ «ገና ማለት ዬት ነው» ብሎ ማስተማር ተማሪውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ መመለስ ነው።

እነዚህ ቃላት ለብቻቸው አይኖሩም። ቤተሰብ ናቸው። አንድ መብራት አስቡ። ጠፍቶ ነበር፣ ከዚያ በራ፣ ከዚያ መልሶ ይጠፋል። ከመብራቱ በፊት፣ ማለትም ገና ሳይበራ፣ «አልበራም ገና»፤ ከበራ በኋላ «ኦልሬዲ» በርቷል። ይጠፋል ብለን ጠብቀን ሳይጠፋ ከቆየ «ስቲል» ይበራል፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ «ኖት ኤኒሞር»፣ አሁን አይበራም። ልብ በሉ፣ «ኦልሬዲ» እና «ስቲል» ሁለቱም መብራቱ በርቷል ነው የሚሉት። ልዩነታቸው ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ነው። አንዷ ወደኋላ አይታ «ጠፍቶ ነበር እኮ» ትላለች። ሌላዋ ወደፊት አይታ «መጥፋቱ አይቀርም» ትላለች። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሰባስቲያን ሎብነር በፈረንጆቹ 1989 ባወጣው ጥናት የጀርመንኛዎቹን «ሾን» እና «ኖኽ» በዚህ ዓይነት መንገድ ተንትኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ቃላት የሚጽፍ ሁሉ ከእሱ ጋር ሳይነጋገር አያልፍም ማለት ይቻላል።

ይህን መረዳት ለተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። «ኦልሬዲ» ለውጥን ትፈልጋለች። አንድ ነገር ካልሆነበት ሁኔታ ወደ ሆነበት መሻገር አለበት። ለዚህ ነው «ሺ ኢዝ ኦልሬዲ ኦልድ» ማለት የሚቻለው፣ «ሺ ኢዝ ኦልሬዲ ያንግ» ሲባል ግን ጆሮ የሚቆረቁረው። ሰው ያረጃል፤ አርጅቶ ግን ወጣት አይሆንም። ለወጣትነት «ስቲል» ናት የምትስማማው።

ቃሏ ከየት መጣች? «ኦል» እና «ሬዲ» ተጣብቀው ነው የወለዷት፤ «ሁሉም ዝግጁ» እንደማለት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ «ሙሉ በሙሉ የተዘጋጀ» የሚለው ትርጉምና አሁን የምናውቀው ትርጉም ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። በኋላ የዝግጁነቱ ትርጉም ወደ ሁለት ቃል ተመልሶ ተለየ። ዛሬም «ዊ አር ኦል ሬዲ» ብሎ ለያይቶ የሚጽፍ ሰው «ሁላችንም ተዘጋጅተናል» ማለቱ ነው። በጆሮ ግን ልዩነታቸው እምብዛም ስለማይሰማ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም አጻጻፉን ያምታታሉ። የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ከዝግጁነት ወደ «ኦልሬዲ» መሄድ የእንግሊዝኛ ብቻ መንገድ አይደለም። ዴንማርኮችና ኖርዌዮች «አለሬደ» ይላሉ፤ ያው ሁለት ቃል ነው። ጀርመንኛ «በራይት» ሲል ዝግጁ ማለት ነው፣ «በራይትስ» ሲል ደግሞ «ኦልሬዲ»። ሌላው የጀርመንኛ ቃል «ሾን» የመጣው ግን ቆንጆ ከሚለው ቃል ነው። «በቆንጆ ሁኔታ» ከማለት «በደንብ ተጠናቆ» ወደ ማለት፣ ከዚያም ዛሬ ወዳለው ትርጉም አደገ። ዝግጁም፣ በደንብ የተጠናቀቀም፣ ሁለቱም «አልቋል፣ ከዚህ በኋላ መጠበቅ አያስፈልግም» የሚል ሐሳብ ውስጥ ይገናኛሉ። ፈረንሳይኛ «ዴዣ» ይላል። «ዴዣ ቩ» የምንለው እሱ ነው፤ «የታየ» ማለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችሁበት ቦታ ከዚያ በፊት ያያችሁት ሆኖ ሲሰማችሁ ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ግርምቱ ከጠበቅነው ጋር አለመግጠሙ ነው።

አሁን አንድ ስህተት ላንሳ። በጣም የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ግን ሲነገር አልሰማም። «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ሲን ሂም የስተርደይ»። እንግሊዝኛ ይህን አይቀበልም። ጥፋቱ የ«ኦልሬዲ» ይመስላል፤ ግን አይደለም። ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው የግስ ቅርጽ «ትናንት»ን የመሰለ ያለፈና የተቆረጠ ጊዜ አጠገቡ እንዲቆም አይፈልግም። እኛ ግን «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ምንም አይጎረብጠንም። «አይቼዋለሁ» ከ«ትናንት» ጋር በሰላም ይኖራል። ስለዚህ ስህተቱ የመጣው ከስንፍና አይደለም። የገዛ ቋንቋችን ሰዋስው የፈቀደልንን ነው ይዘን የሄድነው። መምህራን ይህን ልዩነት ፊት ለፊት ቢያሳዩ ተማሪው በአንድ ቀን ይለምደዋል። ወይ «የስተርደይ»ን ይጥላል፣ ወይ ግሱን ወደ ተራ ያለፈ ጊዜ ይለውጣል።

ተራው ያለፈ ጊዜ ላይ አሜሪካኖችና እንግሊዞች ይለያያሉ። እንግሊዙ «አይቭ ኦልሬዲ ኢትን» ማለት ይቀናዋል። አሜሪካዊው «አይ ኦልሬዲ ኤይት» ቢልም ንግግሩ የተለመደ ነው። ፈተና የምትፈተኑ ከሆነ የመጀመሪያውን ያዙ። ፊልም የምታዩ ከሆነ ሁለተኛውን ስትሰሙ አትደናገጡ። ቦታዋን በተመለከተ፣ ረዳት ግስ ካለ ከእሱ ቀጥላ ትገባለች፤ መገረምን ለማጉላት ደግሞ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ከዚህ በላይ ስለ ቦታ መጨነቅ አያስፈልግም።

መጨነቅ ያለብን ቃና ላይ ነው። የሥራ ኢሜይል የምትጽፉ ሰዎች ይህን ልብ በሉልኝ። «አይ ኦልሬዲ ቶልድ ዩ» ሰዋስዋዊ እንከን የለውም። ሰው ላይ ግን ያርፋል። «ነገርኩህ እኮ!» ነው የሚለው፤ «ማወቅ ሲገባህ አላወቅክም» የሚል ወቀሳ ውስጡ አለ። «አይ ኦልሬዲ ሴንት ኢት» ብላችሁ ስትጽፉ ልካችሁታል፣ እውነት ነው፤ አንባቢው ግን የሚሰማው «ለምን ትጠይቀኛለህ?» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ቃሏን አውጡና ቀኑን አስገቡ። «ማክሰኞ ልኬዋለሁ፣ ካላገኙት ድጋሚ እልካለሁ» ማለት ያው መረጃ ነው፤ ማንንም አይወቅስም። አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሏን «ከዚህ በፊት» ብለን ስለተማርናት ሳናስበው ብዙ ሰው እናስቀይማለን። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል፤ ሰዎቹ ጨዋ ሆነው ሳለ በማያውቁት መንገድ ሻካራ መስለው ይታያሉ።

የሚገርመው በዚያው ኢሜይል ውስጥ ቃሏ ትሕትና የምትሆንበት ቦታም አለ። «ኢፍ ዩ ሃቨንት ኦልሬዲ» የሚለው ሐረግ ነው። «እስካሁን ካልሞሉ፣ እባክዎ ቅጹን ይሙሉ» እንደማለት። ደንቡ «ኦልሬዲ» በአሉታ ውስጥ አትገባም፣ ለአሉታ «ዬት» አለ የሚል ነው። ይህን ተምሮ እዚህ ሐረግ ላይ የደረሰ ሰው ግራ ይገባዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው አንባቢው ሞልቶ ሊሆን እንደሚችል እያሰበ ነው የሚጽፈው። «ምናልባት ሞልተውት ይሆናል፤ ያኔ ይቅርታ፣ ካልሆነ ግን» ይላል። የተጠበቀው አዎንታው ነው። ቃሏም አዎንታውን ተከትላ ገባች። «ሃቨንት ዩ ኦልሬዲ ፔይድ?» የሚለው ጥያቄም እንደዚሁ ነው፤ ጠያቂው የከፈላችሁ ይመስለዋል። «አልከፈልክም እንዴ?» ማለቱ ነው። አያችሁ፣ «እንዴ» እንደገና መጣች።

ቃሏ ወደ ሌሎች አገሮች ስትሄድ ሌላ ጠባይ ይዛለች። አሜሪካ ውስጥ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው «ኢነፍ ኦልሬዲ!» ይላል፤ «በቃ እንጂ!» ይህ አነጋገር የተወሰደው ዪዲሽ ከሚናገሩ አይሁድ ስደተኞች ነው፤ በቋንቋቸው «ሾይን» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ እየገባ ያንን ያደርግ ነበር። ሲንጋፖርና ማሌዥያ ውስጥ ደግሞ ተራው ሰው «አይ ኢት ኦልሬዲ» ይላል። ግሱ ምንም አልተለወጠም፤ መብላቱ ማለቁን የምትናገረው «ኦልሬዲ» ብቻ ናት። ቻይንኛና ማላይኛ ድርጊት መፈጸሙን ወይም ሁኔታ መለወጡን ግሱን ሳይለውጡ በትንሽ ቃል ስለሚያሳዩ፣ ተናጋሪዎቹ እንግሊዝኛውንም በዚያው መልክ ቀረጹት። እኔ ይህን ስህተት አልለውም። ጎረቤታቸው ኢንዶኔዥያኛ «ሱዳ» እና «በሉም» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት፤ «ሆኗል» እና «ገና»። አግብተሃል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ያላገባ ሰው «አይ» ከማለት «በሉም» ማለቱ የተለመደ ነው። እኛም «ገና ነኝ» እንል የለ?

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ «ኦልሬዲ» አማርኛ ውስጥም ገብታለች። «ኦልሬዲ ተነጋግረናል»፣ «ኦልሬዲ ጨርሻለሁ» ሲባል በየቀኑ እንሰማለን። በንግግር ውስጥ አልቃወማትም። ሰው የሚመቸውን ይናገር። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ብዙ ጊዜ ቃሏን አውጥታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ብታነቡት ምንም አይጎድለውም። «ተነጋግረናል» ብቻውን በቂ ነው። «ጨርሻለሁ» ውስጥ ማለቁ አለ። አማርኛ ድርጊቱ ተጠናቆ ውጤቱ መቆየቱን በግሱ ላይ ይጽፈዋል፤ «ሄደ» እና «ሄዷል» የሚለያዩት በዚሁ ነው። ቀሪውን ስሜት «እኮ»፣ «እንዴ»፣ «ከምኔው» ይሞሉታል።

ለተርጓሚዎች የምለው ከዚህ ይነሳል። «ኦልሬዲ»ን ባያችሁ ቁጥር «አስቀድሞ» አትበሉ። «አስቀድሞ» ውስጥ ሐሳብና ዝግጅት አለ። «አስቀድሞ ከፈለ» ያልነው ሰው ሆን ብሎ ቀድሞ ከፍሏል። «ሂ ሃዝ ኦልሬዲ ፔይድ» የተባለው ሰው ግን በቃ ከፍሏል፤ ምናልባትም በመጨረሻዋ ደቂቃ። «ቀድሞ»ም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ስደርስ ሄዶ ነበር» ጥሩ ትርጉም ነው። «ስደርስ ቀድሞ ሄዶ ነበር» ካልን ግን በሁለታችን መካከል እሽቅድድም ያለ ያስመስላል።

ቃሏ ከቅጽል ፊት ስትመጣ ሌላ ነው። «ዚ ኦልሬዲ ክራውድድ ሩም» የሚል ስታገኙ «ቀድሞውንም የተጨናነቀው ክፍል» በሉት፤ «ድሮውንም» ቢሆንም ይሄዳል። እዚህ ላይ ቃሏ «ያለው ሳያንስ ሌላ ተጨመረበት» ነው የምትለው፣ አማርኛም ለዚህ የሚሆን ቃል ሞልቶታል። ወደፊትን የሚያይ ሲሆን ደግሞ «ከወዲሁ» አለ። «ጊዜው ሳይደርስ ከወዲሁ መዘጋጀት ጀምረዋል» ስንል ሙሉው ሐሳብ ተቀምጧል።

ስልክና ኮምፒውተር ላይ «ይህ የተጠቃሚ ስም አስቀድሞ ተወስዷል» የሚል ዓይነት መልእክት ይታያል። ተጠቃሚው ይገባዋል፤ ግን ማንም ሰው እንዲህ አይናገርም። «ይህ ስም ተይዟል» ይበቃል። «አስቀድመው መለያ አለዎት?» ከሚባል «መለያ አለዎት?» ቢባል ይሻላል። «አስቀድመው ተመዝግበዋል» ከሚባልም «ተመዝግበዋል» ቢባል፤ ሰውየው መመዝገቡን ረስቶ እንደገና እየሞከረ ከሆነ ደግሞ «ከዚህ በፊት ተመዝግበዋል» ይባል። እዚህ ላይ «ከዚህ በፊት» ትክክለኛ ቦታዋን አገኘች፤ ሰውየው የረሳው ያንን የቀድሞ ምዝገባውን ነውና።